ያላጠብኩት አሸዋ

ሥራ ያስተወኝ ጉልበቴ ነው እንጂ እጄ አይደለም። እጄ አሁንም ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ውስጡ ባዶ ይሁን ድፍን፣ እርጥብ ይሁን ደረቅ ይነግረኛል። ጉልበቴ ግን ባለፈው ዓመት ሳን ሆዜ አንድ ቤት ውስጥ ተንበርክኬ የግድግዳ እግር ስለስን አልነሣም አለኝ። ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ግራና ቀኝ ብብቴን ይዘው አቆሙኝ። አንደኛው፣ ሜክሲኳዊ ነው፣ "ማማ፣ ኢናፍ" አለኝ። ተቆጥቶ አይደለም፤ አዝኖልኝ ነው። የምለስንበትን ማንካ አጥቤ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና በባቡር ወደ ኦክላንድ ተመለስኩ። ሥራ የተውኩት እንዲህ ነው። የሽኝት ኬክ የቆረሱልኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ የጡረታውን ወረቀት ሁሉ የልጅ ልጄ ሊያ በኮምፒዩተር ሞላችልኝ።

ይህንንም እንድጽፍ የገፋፋችኝ ሊያ ናት።

"አያቴ፣ ጻፊው። ኤቭሪቲንግ። ስለ ደሴቱ፣ ስለ ቤቶቹ።"

"እኔ ምን ጽሑፍ አውቃለሁ?"

"የሾፒንግ ሊስት ትጽፊ የለ? ሴም ቲንግ ነው፣ ትንሽ ረዘም ይላል።"

እውነትም ከዚያ በላይ ጽፌ አላውቅም። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ኦክላንድ ነው፣ ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ውስጥ ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር ተቀምጬ። እነሱ አማርኛውን ያነቡታል ግን አያውቁትም፤ እኔ አውቀዋለሁ ግን አላነበውም፤ እንዲህ ስንረዳዳ ከረምን። ስለዚህ መስመሬ ቢወላገድ ይቅር በሉኝ። ግድግዳ ሲሆን አይወላገድብኝም።

መነሻዬ ላስታ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ አክስቴ ወደ ምጽዋ ወሰደችኝ። እሷ ወደቡ አጠገብ ለጫኝና አውራጆች ምግብ ታበስል ነበር። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ መጀመሪያ ያየሁ ዕለት ግን ያስፈራኝ ውሃው ሳይሆን ሙቀቱ ነው። አየሩ ራሱ የሚያልበው ይመስል ነበር። አክስቴን ላግዝ ብዬ ሽንኩርት ስከትፍ እንባዬ እየበዛ፣ ወጡም እያረረብኝ ስላስቸገርኳት፣ ሁለት ዓመት ታግሣኝ ለግንበኞች ድንጋይ እንድሸከም አስቀጠረችኝ። እስከ ዛሬ ወጥ አይሆንልኝም። ሊያ ምስክር ናት።

ምጽዋ ደሴት ናት፤ ባሕሩን ሞልተው በሠሩት መንገድ ከየብሱ ጋር ተገናኝታለች። አሮጌ ቤቶቿ የተሠሩት ከባሕር ውስጥ ተቆርጦ በወጣ ድንጋይ ነው። እንደ ተራራ ድንጋይ ድፍን አይደለም፤ እንደ ድፎ ዳቦ ውስጡ ዓይን ዓይን አለው፣ ዛጎልም ታገኙበታላችሁ። ታችኛው ቤት ብዙ ጊዜ የቱርክ ዘመን ነው፤ የመስኮቱ እንጨት እንደ ጥልፍ ተፈልፍሎ ሴቶቹ ሳይታዩ መንገዱን ያዩበታል። ጣልያን ሲመጣ በዚያው ላይ ፎቅ ጨመረ፣ ፊት ለፊቱን በቅስት አስጌጠ፣ ከቅስቶቹ ኋላ ጥላ ያለው ረጅም በረንዳ ዘረጋ። ሊያ "ኮሎኒያል አርኪቴክቸር" ትለዋለች። እኛ የጣልያን ቤት ነበር የምንለው።

ይህን ስም የማይወዱ አንድ ሰው ነበሩ፤ ዓሚ ኢድሪስ። ዓሚ በአገሩ አነጋገር አጎቴ እንደማለት ነው። እኔ ሳውቃቸው ስልሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ነጭ ቆብ የማይለያቸው ለሳኝ ናቸው። በደሴቱ ላይ ልስን እንደ እሳቸው የሚያለሰልስ አልነበረም። አንድ ቀን ከእኛ ጋር የነበረ ግንበኛ "ይህን የጣልያን ቤት መቼ ነው የምንጨርሰው?" አለ። ዓሚ ኢድሪስ ማንካቸውን አስቀመጡ።

"ጣልያኑ ወረቀት ላይ ሣለው። ጥሩ አድርጎ ሣለው፣ አልዋሽም፤ ነፋሱ በየት እንደሚገባ ያውቃል። ድንጋዩን ከባሕር ጠልቆ ያወጣው ግን አያቴ ነው። ኖራውን ያፈላው አባቴ ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ የማን ቤት ነው?"

እኔ ደግሞ ልጅነቴ ዝም እንድል አልፈቀደልኝም፣ "የሐጂ መሐመድ ነው" አልኳቸው። ሐጂ መሐመድ የቤቱ ባለቤት ናቸው፤ ከሥራችን አጠገብ ቆመው ይሰሙ ነበር። ዓሚ ኢድሪስ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ድንጋይ መሸከሜ ቀረና ኖራ አጠገብ ሆንኩ።

ይህ የሐጂ መሐመድ ቤት ሰባት ቅስት አለው። ከግራ ሲቆጠር ሦስተኛው ቅስት ከሌሎቹ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ይላል፤ የዓሚ ኢድሪስ አባት ሲሠሩት መወጣጫው ሰምጦባቸው ነው አሉ። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ኖራ ማለት ለማያውቁት፣ መጀመሪያ የሚቃጠል ድንጋይ ነው። ከእሳቱ ሲወጣ ውሃ ይጨመርበታል፤ ያን ጊዜ እንደ ማሰሮ ይንተከተካል፣ ፊት ይልጣል። ሲበርድ ውሃ ለብሶ ሳምንታት ይተኛል፤ በቆየ ቁጥር እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። ከአሸዋ ጋር ተቀላቅሎ ግድግዳ ላይ ሲወጣ ይተነፍሳል። የባሕሩ ድንጋይ ደግሞ እርጥበት ይጠጣል፣ መልሶ ይተፋል፤ የሚተፋበት በር ካላገኘ ውስጥ ውስጡን ዱቄት ይሆናል። ሲሚንቶ ያንን በር ይዘጋዋል። ዓሚ ኢድሪስ ግድግዳ ከመጀመራቸው በፊት ጀርባቸውን አስደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆማሉ። ምን እያደረጉ እንደሆነ ስጠይቃቸው "የቱ ጋ እንደሚያልበው እየጠየቅኩት ነው" ይሉኛል።

ሌላው ልማዳቸው መቅመስ ነው። አሸዋ ከየብሱ ሲጠፋ ከባሕር ዳር እናመጣለን። ያ አሸዋ ጨው ስላለበት በሚጠጣ ውሃ ሦስት ጊዜ መታጠብ አለበት። ጨው ልስን ውስጥ ከገባ ሙቀት ሲመጣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ልስኑን ከድንጋዩ ይፈነቅለዋል። መታጠቡን በዓይን ማወቅ አይቻልም።

"ነይ፣ ቅመሺ" አሉኝ መጀመሪያ ቀን፣ አንዴ እንዳጠብኩት።

"አሸዋ?"

"ሃልዋ መስሎሻል? ምላስሽ ጫፍ ላይ አድርጊና ትፊው። ምን ይላል?"

"ጨው ጨው።"

"እጠቢ።"

አጥቤ መጣሁ። አሁንም ጨው ጨው። ደግሜ አጥቤ መጣሁ። "አሁንስ?"

"አሁን አሸዋ አሸዋ ይላል።"

"እንግዲህ ተምረሻል" አሉኝ። ዲግሪዬ እሱ ነው።

በረመዳን እሳቸው አፋቸው ውስጥ ምንም አያስገቡም። ስለዚህ በረመዳን ቀማሿ እኔ ነበርኩ። "በዚህ ወር ምላሴ አንቺ ነሽ" ይሉኝ ነበር። አራት አምስት ረመዳን እንዲያ አለፍን። ሰው ምላሱን ለሌላ ሰው ሲያምን ቀላል ነገር አይደለም፤ ያኔ ግን ክብሩ እንጂ ክብደቱ አልገባኝም።

አሁን ወደማልወደው ቦታ ደረስኩ። ሊያ ሻይ አፍልታልኛለች፣ እሱን ፉት ብዬ ልቀጥል።

የሐጂ መሐመድ ትልቋ ልጅ ዘይነብ ልትዳር ነው። ሠርጉ ልክ ረመዳን ሲፈታ ነው። እንደ አገሩ ልማድ ሙሽሮቹ መጀመሪያ የሚቀመጡት በእሷ አባት ቤት ስለሆነ፣ ከቅስቶቹ ኋላ ያለውን ትልቁን ክፍል እንድንለስነው ተቀጠርን። ያን ዓመት ረመዳንና የገና ጾም ገጠሙ። አክስቴ ደግሞ በጽኑ ታማለች። እሷ ትዳንልኝ እንጂ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፌ ውስጥ አንዳች አላስገባም ብዬ ተስያለሁ። ስለቴን ለማንም አልተናገርኩም፤ ስለት አይወራም ብዬ።

ያለን አሸዋ አነሰና ከባሕር ዳር አመጣን። ሁለት ጊዜ አጠብኩት። ለሦስተኛው ውሃ የለም፤ ከየብሱ የሚመጣው ቧንቧ ተሰብሮ ደሴቱ በሙሉ ቆርቆሮ ይዞ ይሰለፋል። ውሃ ልጠብቅ ብዬ ሥራ ላስቆም? ሠርጉ ደርሷል። ሰዓቱ ገና ጠዋት ነው። አሸዋውን በእፍኜ ያዝኩና አየሁት። ንጹሕ ይመስላል። ወደ አፌ ላስጠጋው ስል ስለቴ ትዝ አለኝ። አክስቴ ዓይኔ ላይ መጣችብኝ።

ዓሚ ኢድሪስ ከመወጣጫው ላይ ሆነው "ቀመስሽው?" አሉኝ።

"ቀምሻለሁ" አልኩ።

በቃ። ይኸው ነው። ሳልቀምስ ቀምሻለሁ አልኩ።

ግድግዳው ሲያልቅ እንደ እንቁላል ነበር፤ ሴቶቹ እጃቸውን እያሳረፉበት እልል አሉ። ሠርጉ አማረ። አክስቴም ዳነች። ሙቀቱ ሲገባ ግን ግድግዳው ላይ ዱቄት የሚመስል ነጭ ነገር ወጣ፤ ከዚያ አበጠ፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ራስጌ በኩል ያለው ልስን በሙሉ የሙሽሮቹ አልጋ ላይ ወረደ። ደግነቱ አልጋው ላይ ሰው አልነበረም። ቤቱ ግን ተረበሸ፤ ለሙሽራ መጥፎ ምልክት ነው ተባለ፤ የባሏ ዘመዶች ጭምር ተሰብስበው መጡ።

ዓሚ ኢድሪስ ከወደቀው ቁራጭ አንስተው ምላሳቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ወደ እኔ አዩ። ረጅም አይደለም፣ ትንሽ ነው ያዩኝ። አፌን ልከፍት ስል እጃቸውን ዝቅ አድርገው ዝም በይ የሚል ምልክት አሳዩኝ።

"ሐጂ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አርጅቻለሁ" አሉ።

ሐጂ መሐመድ ጨዋ ሰው ናቸው፣ አልተሳደቡም። ነገር ግን ከዚያ ወዲያ ዓሚ ኢድሪስን ለሥራ አልጠሯቸውም። ሌሎቹም ሰሙ። ሐጂ ለዚያ ክፍል ሲሚንቶ የሚያቦካ ሰው አመጡ፣ "ከእንግዲህ በቤቴ ኖራ አይገባም" አሉ።

ወደ ቤት ስንሄድ አለቀስኩ። ስለቴን ነገርኳቸው። "ተመልሼ ልናገር" አልኳቸው።

"አንቺ ልጅ ነሽ። ዛሬ ብትናገሪ ከነገ ጀምሮ ማንም ማንካ አያስይዝሽም። እኔ የቀረኝ ጥቂት ግድግዳ ነው።" ትንሽ ሄዱና ቆሙ። "ግን ከእንግዲህ ስትጾሚ ንገሪኝ። እስኪመሽ እንጠብቃለን፣ ምን ቸገረን?"

ያን ያህል ነው የተቆጡኝ። በዱላ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመት ትንንሽ ሥራ አብረን ሠራን፤ የጉድጓድ አፍ፣ የመስጊድ አጥር። ጦርነቱ ሲመጣ በጀልባ ወደ ፖርት ሱዳን ተሻገርኩ። የዓሚ ኢድሪስን መሞት የሰማሁት እዚያ ነው፣ ልብስ ሳጥብ። ሳሙናውን አስቀምጬ፣ ያገኘሁት ግድግዳ ላይ ጀርባዬን አስደግፌ ዓይኔን ጨፍኜ ቆምኩ። ሌላ ምን ላድርግ?

ኦክላንድ ልጄን ይዤ ገባሁ፤ እሷ የሊያ እናት ናት። ሆቴል አልጋ አነጠፍኩ፣ አሮጊት አስታመምኩ፣ ቤት አጸዳሁ። አካባቢውን ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ከመታው በኋላ የአሮጌዎቹ ቤቶች ልስን ሁሉ ተሰነጣጠቀ፣ ሥራው በዛ። እኔ በማጸዳው ቤት ሬይ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ለሳኝ ጣሪያ ይጠግን ነበር። አሸዋው አጠገብ ሳልፍ እጄ ሳያማክረኝ ቆንጠር አድርጎ ምላሴ ላይ አኖረው።

"ሌዲ! ምን እያደረግሽ ነው?"

"ኖ ሶልት። ጉድ" አልኩት። እንግሊዝኛዬ ያችው ነበረች።

ሬይ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ለቀልድ ማንካውን ሰጠኝ። መጥረጊያዬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ አንድ ክንድ ያህል ለሰንኩለት። ሳቁን አቆመ። ኮፍያውን አወለቀና "ነገ ሰባት ሰዓት ነይ" አለኝ። በእነሱ ሰባት፣ በእኛ አንድ ሰዓት ማለቱ ነው፤ እኔ ደግሞ በእኛ ሰባት ሰዓት ሄድኩ፣ ምሳውን ሲበላ ደረስኩ። ሆኖም አላባረረኝም። ሃያ ዓመት ያህል አብረን ሠራን። የእሱ ልማድ ጆሮ ነው። ቀኑን ሙሉ ሬድዮ ያስጮሃል፤ የመጨረሻው ስስ ልስን ላይ ስንደርስ ይዘጋዋል። ልስኑ ሲይዝ የማንካው ድምፅ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ እጅ ካልቆመ ይበላሻል። ሁለት መምህር ነበረኝ፣ አንዱ በምላስ አንዱ በጆሮ።

ሬይ ሥራ ሲያቆም ሳን ሆዜ ለአንድ ካምፓኒ ገባሁ። አለቃው ጥሩ ልጅ ነው፣ ግን ሁሉን በአንድ ቀን ይፈልጋል። "ታንጉት፣ ካን ዊ ስፒድ አፕ?" ይለኛል። "እኔን ነው ወይስ ኖራውን?" እለዋለሁ። እንዲህ እየተቀላለድን ጉልበቴ እስኪከዳኝ ደረስን።

ጡረታ ከወጣሁ ጥቂት ወር ሆኖኝ ነበር። ሊያ ፍሪሞንት ነው የምትሠራው፤ የሥራ ባልደረባዋ "የሳሎናችን ግድግዳ ተሰነጠቀ፣ አያትሽ ትይልን" አለቻት። ሳን ሆዜ ድረስ ሊያ በመኪና አደረሰችኝ። በሩን የከፈተልን የባልደረባዋ አባት ነው፣ ሳልህ ይባላል፤ ፀጉሩ የነጣ፣ ፊቱ ደስ የሚል ሰው። እርስዎ ስለው "እትዬ፣ አንተ በሉኝ፤ ታናሽዎ ነኝ" አለኝ። አማርኛው የምጽዋ ሰው አማርኛ ነው፣ ከትምህርት ቤት የተገኘ፣ ጥርት ያለ።

ስንጥቁን ለማየት ሳሎን ገባሁ። ከስንጥቁ በላይ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ቅስት ያለው ቤት ነው። ቆጠርኩ። ሰባት። ሦስተኛው ዝቅ ይላል።

"ይሄ ቤት..." አልኩ።

"የአባቴ ቤት ነው፣ ምጽዋ" አለ ሳልህ ደስ ብሎት። "ፎቁ ሊወድቅ ደርሷል። ሰው ቀጥሬ ላስጠግነው ነው፣ ሰኞ ይጀምራሉ። በሲሚንቶ አድርጌ አንዴ ልገላገል!" ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። የሙሽራዋ ክፍል ነው። ሲሚንቶው እንደ ቅርፊት ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል፣ ከኋላው ያለው የባሕር ድንጋይ እፍ ቢሉት የሚበን ዱቄት ሆኗል።

"ሳልህ፣ ድንጋዩን የበላው ሲሚንቶው ነው። ደግመህ ካለበስከው ቤቱን ቀበርከው። ኖራ ነው የሚያድነው።"

ሳቀ። "እትዬ፣ ኖራውንማ አየነው። ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ኢድሪስ የሚባል ያረጀ ሰውዬ የእህቴን ክፍል ለስኖ አልጋዋ ላይ ናደባት። አባታችን 'ኖራና ኢድሪስን አትመኑ' እያሉን ነው የሞቱት።"

እግራችን ሥር እየተሯሯጠ ኖራ የሚረግጥብን የሐጂ መሐመድ ትንሹ ልጅ እሱ ነበር። እውነቱን ግን አልነገርኩትም። ስንጥቁን ሞላሁለት፣ አመሰገነኝ፣ ሄድን።

መኪና ውስጥ ሊያ "አያቴ፣ አር ዩ ኦኬ?" አለችኝ። ሁሉን ነገርኳት። ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር፤ ለእናቷም። ሳን ሊያንድሮ ስንደርስ እንዲህ አለች።

"ሶ... ኖራው ጥሩ ነበር። ሰውዬውም ጥሩ ነበሩ።"

"ጥሩ ነበሩ።"

"ዜን ቴል ሂም። ዛሬ ሐሙስ ነው አያቴ፣ እነሱ ሰኞ ይጀምራሉ።"

በማግስቱ ወደ ባሕር ዳር ወሰደችኝ፤ አሸዋ ዘገንን። ወጥ ቤት ውስጥ አንዱን ሁለት ጊዜ አጠብኩ፣ ሌላውን ሦስት ጊዜ። በሁለት የሻይ ብርጭቆ አድርጌ ቅዳሜ ጠዋት በባቡር ብቻዬን ሄድኩ። ሊያ ላድርስሽ ብላኝ ነበር፤ ይሄንን ግን በራሴ እግር መሄድ ፈለግኩ። ባቡር ውስጥ አንዲት ሴትዮ ብርጭቆዎቹን አይታ ወንበር ለወጠች።

የሳልህ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ብርጭቆዎቹን ደረደርኩለት።

"ቅመስ።"

"አሸዋ?"

"ሃልዋ መስሎሃል?"

እየሳቀ ቀመሰ። የመጀመሪያው ላይ ፊቱን ጨመደደ፤ "ትንሽ ጨው አለው።" ሁለተኛውን ቀመሰ፤ "ይሄ ምንም የለውም።"

"የዘይነብን ክፍል የለሰንነው በመጀመሪያው ነው" አልኩት። "አሸዋውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ዓሚ ኢድሪስ ጾመኛ ስለነበሩ እንድቀምስላቸው አምነውኝ ነበር። እኔም ጾመኛ ነበርኩ። ሳልቀምስ ቀምሻለሁ አልኳቸው። ኖራው አልዋሸም፣ ኢድሪስም አላረጁም ነበር። የዋሸሁት እኔ ነኝ።"

ሳልህ ብርጭቆውን አሽከረከረው። ፊቱ ላይ ያለውን ማንበብ አቃተኝ። ተነሥቶ ወደ ሌላ ክፍል ሄደ። ልሂድ ወይስ ልቀመጥ እያልኩ ሳለ ስልኩን ይዞ ተመለሰ። ስልኩ ላይ ነጠላ የተከናነበች ትልቅ ሴት ትታያለች። ዘይነብ ናት፣ ጅዳ ነው የምትኖረው።

"ያቺ ኖራ የተቀባችው ልጅ አንቺ ነሽ?" አለችኝ። "ፊትሽ ሁልጊዜ ነጭ ነበር።"

"እኔ ነኝ፣ እመቤቴ። ይቅር በይኝ።"

"እኔስ ባሌ ጋ አርባ ዓመት ኖሬያለሁ፣ ምልክቱ ውሸት ነበር" አለችና ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። "ዓሚ ኢድሪስ መንገድ ላይ ሰላም ሲሉኝ ፊቴን አዙሬያለሁ። እሱ ነው የከበደኝ። ሳልህ፣ ኖራ ይሁን። ኢድሪስ እንደሚሠሩት ይሁን። ካወቀች እሷ ታሳያቸው።"

ሳልህ ወደ እኔ ዞረ። "ሰምተዋል፣ እትዬ። ታዝዘዋል።"

እሱ ራሱ ወደ ምጽዋ ሄደ። የሰኞው ሥራ ሲሚንቶ ማልበስ ሳይሆን ሲሚንቶ መቅረፍ ሆነ። ኖራው ተቃጠለ፣ ፈላ፣ ውሃ ለብሶ ተኛ። እኔ ኦክላንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ በስልክ እመለከታለሁ፤ ማሕሙድ የሚባል የሃምሳ ዓመት ሰው፣ እጁ የሚያስተማምን ለሳኝ፣ በአገሩ ለትልቅ ሴት እንደሚባለው "ሐጃ" እያለ የምለውን ያደርጋል። ዐረብኛዬ ዝጎ ነበር፤ ሥራ ሲያገኝ ተፈታ። ጀርባውን ለግድግዳው እንዲያስደግፍ ሳደርገው መጀመሪያ አፈረ፤ በሦስተኛው ቀን ሳይታዘዝ ማድረግ ጀመረ።

ኖራው እስኪደርስ ሁዳዴ ገባ። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ገጠሙ።

ልስን የሚጀመርበት ዋዜማ ጠዋት በማለዳ ደወልኩ፤ እዚያ ማምሻው ነው። ሊያ ለሥራ እየለበሰች አጠገቤ ቆማለች። ሳልህ ስልኩን ይዞ አሸዋውን አሳየኝ። ንጹሕ ይመስላል።

"ማሕሙድ፣ ቀመስከው?"

"ቀምሻለሁ፣ ሐጃ" አለ ቶሎ ብሎ።

ያችን ቃል አውቃታለሁ። እንዲያ ቶሎ ስትወጣም አውቃታለሁ።

"ጾመኛ አይደለህም እንዴ?"

ሳልህ ዞሮ አየው። ማሕሙድ ራሱን አከከ፣ አፍሮ ሳቀ። "ሐጃ፣ ነገ ጠዋት እንድንጀምር ብዬ ነው። ሁለት ጊዜ አጥቤዋለሁ።"

"ችግር የለም" አልኩት። "እኔም ጾመኛ ነኝ። እስኪመሽ እንጠብቃለን።"

ሳልህ ስልኩን ባልዲ ላይ አስደግፎ አቆመልኝ። ሰባቱ ቅስት ይታዩኛል። ፀሐይዋ በቅስቶቹ ሥር ገብታ የበረንዳውን ወለል ቢጫ አድርጋዋለች። ሁለቱ ሰዎች መሬት ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፣ እኔም እዚህ እጠብቃለሁ። ሊያ ይረፍድባታል፤ ግን ቦርሳዋን አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች። አዛን ተሰማ። ማሕሙድ አንድ ተምር ጎረሰ፣ ውሃ ጠጣ፣ አፉን ተጉመጠመጠ። ከዚያ ከአሸዋው ቆንጠር አድርጎ ምላሱ ላይ አኖረው፣ ተፋው፣ አሰበ።

"ጨው ጨው ይላል፣ ሐጃ።"

ሊያ ወደ እኔ ዘንበል አለች። "ሶ፣ ኢት'ስ ባድ?"

"አይደለም" አልኳት። "ይታጠባል።"